የኖቫ ስኮሺያ ታርታን፦ ፎቶ ሳይሆን ቁጥር ይላኩ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ካናዳ ውስጥ በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር፣ ሃሊፋክስ ነው የምኖረው። የሥራ ባልደረባዬ የኖቫ ስኮሺያ ታርታን (የስኮትላንድ ዓይነት ባለ ካሬ ጨርቅ) ስካርፍ በስጦታ ሰጥታኛለች። ሰማያዊ ይበዛዋል፤ አረንጓዴና ነጭ አለው፣ ቀጫጭን ቢጫና ቀይ መስመርም ጣል ጣል ብሎበታል። ቀለሞቹ ምን ማለት ናቸው? መስመሮቹስ እንዲያው ለዓይን ተብለው የተደረደሩ ናቸው ወይስ ሥርዓት አላቸው? ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዘመድ አለኝ፤ ፎቶውን ልኬለት ለእናቴ ጋቢ ጥለቱን በዚህ ቢሠራልኝ ይሆናል? ደግሞስ ስኮትላንዳዊ ሳንሆን ብንለብሰው ነውር አይሆንም?»

እህቴ፣ አራት ጥያቄ በአንድ ጠቅልለው ልከውልኛል። ከሦስተኛው እጀምራለሁ፤ ገንዘብ የሚያስወጣዎት እሱ ነውና። ለሸማኔው ፎቶ አይላኩ። ቁጥር ይላኩ።

ይህን የምልዎት በራሴ ኪሳራ ተምሬ ነው። በሽመና ሥራ ገና ብዙም ሳልቆይ አንድ ሰው የታርታን ፎቶ ይዞ መጣና «እንዲህ ያለ የአንገት ልብስ ሥራልኝ» አለኝ። ማስመሪያ አነሣሁ፣ የየመስመሩን ስፋት ለካሁ፣ ቀለሞቹን ቆጠርኩ። ስምንት ሆኑልኝ። ገበያ ወጥቼ ስምንት ዓይነት ክር ገዛሁ፤ ውሃ ሰማያዊውን ለማግኘት ብቻ ግማሽ ቀን ዞሬያለሁ። ጨርቁ አልቆ ሲወርድ ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ እኩል በእኩል መሆን የነበረበት ካሬ ሁሉ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ተኝቷል። ሁለተኛውን ያወቅሁት ዋናውን ጨርቅ በእጄ ካየሁት በኋላ ነው፦ ያ የለፋሁበት ውሃ ሰማያዊ ክር ጭራሽ የለበትም። ሰማያዊ ድር (የቁመቱ ክር) ላይ ነጭ ማግ (የአግድሙ ክር) ሲያልፍ ዓይን የሚሠራው ቀለም ነበር። ደንበኛዬ ጨዋ ሰው ስለነበር ከፍሎኝ ሄደ፤ አንገቱ ላይ ግን አንድም ቀን አላየሁበትም።

እነዚህን ሁለት ስሕተቶች ከተረዱልኝ ታርታንን ከሞላ ጎደል ተረድተውታል። ታርታን ጨርቅ ላይ የተሣለ ዳማ አይደለም። የክር ቆጠራ ነው። ሸማኔው ድሩን ሲያደራ ቀለሞቹን በተራና በቁጥር ይደረድራቸዋል፤ ይህን ያህል ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል ነጭ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል አረንጓዴ እያለ። ከዚያ ማጉን ሲወረውር ያንኑ ተራ በዚያው ቁጥር ይደግመዋል። ወርድና ቁመቱ አንድ ዓይነት መስመር ስለሚይዙ ካሬው በራሱ ጊዜ ይወጣል። አንዱን ሙሉ ዙር ስኮትላንዶች «ሴት» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ያልታደለ ቃል ነው፤ «የጨርቁ ሴት» እያልኩ ሳስረዳ ተማሪዎች ስለሚስቁብኝ እኔ «ዙር» ነው የምለው።

አብዛኛው ታርታን የመስተዋት ሥርዓት አለው። ቆጠራው ከአንድ መስመር ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሌላ መስመር ላይ ሲደርስ ዞሮ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የሚመለስባቸውን ሁለት መስመሮች «መመለሻ» እንበላቸው። ከራሴ አንድ ትንሽ ምሳሌ ልስጥዎት (የኖቫ ስኮሺያ ቆጠራ እንዳይመስልዎት)፦ ሰማያዊ 24፣ ነጭ 4፣ አረንጓዴ 16፣ ቀይ 2። መመለሻዎቹ ሰማያዊውና ቀዩ ናቸው። ድሩ ሲደራ ሰማያዊ 24፣ ነጭ 4፣ አረንጓዴ 16፣ ቀይ 2 ይልና ይዞራል፤ አረንጓዴ 16፣ ነጭ 4፣ ከዚያ እንደገና ሰማያዊ 24። መመለሻዎቹ በዙር ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቆጠሩ ሙሉው ዙር 66 ክር ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር 12 ክር የሚይዝ ጨርቅ ከሆነ አንዱ ዙር 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። አምስት ዙር ደርድረው መጨረሻ ላይ አንድ ሰማያዊ ሲጨምሩ 354 ክር፣ ማለት 29 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ስካርፍ አገኙ፤ ሁለቱም ጠርዝ በሰማያዊ ያልቃል። ቆጠራ ከያዙ ስፋቱን ማንም ያወጣዋል። ስፋት ብቻ ይዘው ግን ቆጠራውን መመለስ አይችሉም፤ ክሩ የቀጠነ ይሁን የወፈረ ፎቶ አይናገርም።

ካሬዬ ለምን እንደተጨፈለቀም አሁን ግልጽ ነው። ድሬ በ1 ሴንቲ ሜትር 12 ክር ነበረው፤ ማጉን ግን እጄ ለምዶበት እየመታሁ አጥብቄ 15 አስገባሁበት። ተራውም ቁጥሩም ልክ ሆኖ ሳለ ቁመቱ አጠረ። በታርታን ማግ ከድር ጋር እኩል መጠበቅ አለበት። ለነጠላ የለመደ እጅ ይህን ቶሎ አይቀበለውም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ስካርፍዎ የተሠራበት አሠራር ትዊል ይባላል፦ ማጉ በሁለት ድር ላይ ይሄዳል፣ በሁለት ድር ሥር ይገባል፤ የሚቀጥለው ማግ በአንድ ክር ፈቀቅ ብሎ ያንኑ ይደግማል። ጂንስ ሱሪ ላይ የምናየው ዓይነት ሰያፍ መስመር የሚወጣው በዚህ ፈቀቅታ ነው። ሰማያዊ ድር ሰማያዊ ማግ ሲያገኘው ንጹሕ ሰማያዊ ይሆናል፤ ነጭ ማግ ሲያገኘው ግን በጣም ጠጋ ካላሉ በቀር የማይታዩ ሰማያዊና ነጭ ሰያፎች ይፈራረቁና ከርቀት ውሃ ሰማያዊ ይመስላል። የኖቫ ስኮሺያ ታርታን ስድስት ቀለም ክር ነው ያለው፦ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ወርቃማ እና ቀይ። ስድስቱ ከራሳቸው ጋር ሲገናኙ 6 ንጹሕ ቀለም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ደግሞ 15 ድብልቅ ይወጣል፤ በድምሩ 21። ስድስት ዓይነት ክር ገዝቶ 21 ቀለም ማግኘት ማለት ነው። ታርታንን የፈጠረ ሰው ቆጣቢ ነበር እላለሁ።

ታርታን መቼ ተጀመረ ብለው እንዳይጠይቁኝ በአጭሩ ልለፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስኮትላንድ ውስጥ ፎልከርክ የተባለ ከተማ አጠገብ በሮማውያን ሳንቲም የተሞላ እንስራ ተገኝቶ አፉ የተወተፈው በካሬ ካሬ የሱፍ ቁራጭ ነበር፤ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ያ ቁራጭ ቀለም እንኳ አልተነከረም፤ ከነጣ በግና ከጠቆረ በግ የተፈተለ ሱፍ ብቻ ነው። «ይህ የእገሌ ጎሣ ነው» የሚለው ነገር ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ባኖክበርን የነበሩት የዊልሰን ቤተሰብ ሸማኔዎች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታርታን በብዛት ሲያመርቱ ብዙዎቹን በቁጥር ብቻ ይጠሯቸው ነበር፤ የከተማና የቤተሰብ ስም የተለጠፈባቸው በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ ጎሣ ታርታን «ቀዩ የአባቶች ደም ነው» ሲሉኝ ጆሮዬን አልሰጥም።

የእርስዎ ታርታን ግን ሌላ ነው። የክፍለ ሀገር ታርታን ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አስቦ እንደሠራው ይታወቃል። የቀለሞቹን ትርጉም በልበ ሙሉነት የምነግርዎት ለዚህ ነው።

በ1953 ትሩሮ ከተማ በተደረገ የእንስሳት አርቢዎች ትርኢት ላይ የክፍለ ሀገሩን የበግ እርባታ ታሪክ የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሥራ ቀርቦ ነበር። የሠራችው የሃሊፋክስ ሸማኔ የነበረችው ቤሲ መሪ ናት። ሥራው ላይ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ቀሚስ) የለበሰ አንድ እረኛ ነበረበት። ለእረኛው ምን ታለብሰው? የማክዶናልድ ጎሣን ታርታን ብታለብሰው የማክሌኦድ ጎሣው ሰው ይከፋዋል፤ የካምቤልን ብታለብሰውማ ጭራሽ አይነሣ። ከማንም ወገን እንዳይሆን ብላ ራሷ አዲስ ታርታን አወጣችለት። ተመልካቹ በጎቹን ትቶ ስለ እረኛው ልብስ ይጠይቅ ጀመር። በ1956 ታርታኑ በስኮትላንድ የጦር አርማና የማዕረግ ምልክት ጉዳይ በሚያየው በሎርድ ላየን ፍርድ ቤት ተመዘገበ። ካናዳ ውስጥ የራሷ ታርታን የነበራት የመጀመሪያዋ ክፍለ ሀገር ኖቫ ስኮሺያ ሆነች።

ቀለሞቹ እነሆ። ሰማያዊው ባሕር ነው፤ ከሁሉ የበዛውም ለዚህ ነው፤ እርስዎም በዓይንዎ እንደሚያዩት አገሩን ከሞላ ጎደል ባሕር ከቦታል። ነጩ ከድንጋይ ጋር የሚላተመው ማዕበል አረፋና የባሕሩ ዳር ግራናይት ነው። ሁለቱ አረንጓዴዎች ጫካው ናቸው፤ ጥቁሩ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፈው የጥድ ዓይነት፣ ፈካ ያለው ቅጠሉን የሚያረግፈው ዛፍ ነው ብለው ቢያስቡት አያስቸግርዎትም፤ ይህ ግን የእኔ አነጋገር ነው። ወርቃማው የንጉሡን ቻርተር፣ ማለት አገሩን የሰጠበትን ሰነድ ያመለክታል። ኖቫ ስኮሺያ በላቲን «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ንጉሥ ጄምስ አገሩን በ1621 ለሰር ዊልያም አሌግዛንደር በቻርተር ሲሰጥ ነው። ቀዩ አንበሳው ነው። የክፍለ ሀገሩን ሰንደቅ ዓላማ ልብ ብለው ይዩት፦ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ የእንድርያስ መስቀል (እንደ X ያለ)፣ መካከሉ ላይ ወርቃማ ጋሻ፣ ጋሻው ውስጥ ቆሞ የሚያገሣ ቀይ አንበሳ። የስካርፍዎን ወርቃማና ቀይ ክሮች ባዩ ቁጥር ያ ጋሻ ይታይዎታል።

ወርቃማውና ቀዩ ለምን ቀጠኑ? ትርጉማቸው ስላነሰ እንዳይመስልዎት። ደማቅ ክር ሲበዛ ጨርቁን ይውጠዋል። ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ጥቂት ክር ሆነው በጨለማው መደብ ላይ ሲያልፉ መስመሩን ያነሡታል፤ 20 ክር ቢሆኑ ግን ሌላውን ማየት ያቅትዎት ነበር። ቤሲ መሪ ባለ እጅ ሸማኔ እንደነበረች የሚያሳብቅባት ይኸው ነው፤ ትርጉሙን በሰነድ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ኖሮ አንበሳውን ሰፊ ያደርገው ነበር።

ሌላ ሱቅ ገብተው ያው ታርታን ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ ቢያገኙት «ሐሰተኛ ነው» አይበሉ። ታርታን የሚታወቀው በቀለሞቹ ተራና ቁጥር እንጂ በአንድ የተወሰነ የቀለም ድምቀት አይደለም። ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ድምቀቱ የአምራቹ ምርጫ ነው። ነጋዴዎች «ጥንታዊ» የሚሉት ፈዘዝ ያለውን ነው፤ በዕፅዋት ቀለም የተነከረ እንዲመስል ተብሎ እንጂ ጨርቁ ጥንታዊ ሆኖ አይደለም። ጠንቀቅ የሚሉበት ሌላ ነገር አለ፦ እዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ኬፕ ብሬተን ደሴት የራሷ ታርታን አላት፣ የ1957 ሥራ ነው፤ ጥቁሩ የድንጋይ ከሰል፣ ግራጫው ብረት፣ አረንጓዴው ተራራ፣ ወርቃማው የጀምበር መጥለቂያ ነው። የደሴቷ ከተማ ሲድኒ ድረስ ሄደው ያንን ቢገዙና ጥቁርና ግራጫ ቢያዩ ግራ እንዳይጋቡ።

«ነውር አይሆንም ወይ?» ላሉት፦ አይሆንም። ጎሣ የሌለው ሰው የሚለብሰው እንዲሆን ነው ከመነሻው የተሠራው፤ እረኛው ራሱ ጎሣ አልነበረውም። ነዋሪ መሆንዎ ከበቂ በላይ ነው፤ ጎብኚም ገዝቶ ይለብሰዋል። ከስኮትላንዶቹ ራሳቸው አንድ ነገር ላንሣልዎ፦ ሄክተር የተባለችው መርከብ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ከስኮትላንድ ጭና ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ፒክቱ የደረሰችው በ1773 ነው። ያኔ እዚያ አገራቸው የስኮትላንድን ደጋ ሕዝብ ልብስ፣ ኪልትን ጭምር፣ ወንዶች እንዳይለብሱ የከለከለው የ1746 ሕግ ገና አልተሻረም፤ የተሻረው በ1782 ነው። ልብሱ ተከልክሎባቸው ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ያቀኑት አገር ውስጥ ሆነው «ተፈቅዶልኛል ወይ?» ብለው አይጨነቁ።

እንግዲህ ጋቢው። እዚህ ላይ ትንሽ ላሳዝንዎት ነው። የጋቢ ድር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ጥለቱ የሚገባው በማጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘመድዎ ስድስቱንም ቀለም በተራቸውና በቁጥራቸው ጥለቱ ላይ ቢያስገባ የሚወጣው መስመር እንጂ ታርታን አይሆንም፤ ነጭ ድር በሁሉም ላይ ስለሚያልፍባቸው ካሬ አይኖርም፣ ቀለሞቹም ይገረጣሉ። ማጉን በደንብ መትቶ ድሩን እንዲሸፍን ካደረገው ግርጣቱ ይቀንሳል፤ የጥለት ባለሙያ ደግሞ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ድሩን ጭምር በቀለም አድራው ቢሉትስ? ይቻላል፤ ግን ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን አይርሱ። ያ ሁሉ ባለ ቀለም ድር ለእናትዎ ጋቢ አይሆንም፤ የፈረንጅ ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው። እውነቱን ለመናገር እናትዎም የሚወዱት አይመስለኝም።

እኔ ብሆን ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ለጋቢው ጥለቱን በስድስቱ ቀለም መስመር ብቻ አሠራለሁ፤ ተራውን ከስካርፉ እወስዳለሁ፣ ቁጥሩን ደግሞ ጥለቱ ከአንድ መዳፍ እንዳይበልጥ በግማሽ አወርደዋለሁ። አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ የሆነውን መስመር ግን አልነካውም፤ አንዱን በግማሽ ካወረዱት የሚቀር የለም። ታርታን ራሱን ማየት ከፈለጉ ደግሞ ለብቻው አንድ የአንገት ልብስ ያሠሩ። በተለመደው ባለ ሁለት መርገጫ ሸማ አሠራር፣ አንድ ላይ አንድ ሥር እየሆነ ቢሠራውም ካሬው ይወጣል፤ ድብልቁ ቀለም ሰያፍ መሆኑ ቀርቶ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሰያፉን ከፈለጉ አራት መርገጫ ያለው መሣሪያ ያስፈልገዋል። ክሩ ጥጥ ከሆነ ነጩ መስመር ከሱፉ ይልቅ ጎላ እንደሚል አስቀድመው ይወቁት፤ ንጣት የበዛበትን ትቶ ወተት መሳዩን ክር ቢገዛ ይሻላል።

ቁጥሩን ከየት ያገኙታል? ኤዲንብራ ያለው የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ ከ2009 ጀምሮ በኢንተርኔት ተከፍቷል፤ ማንም በስም ፈልጎ የተመዘገበውን ያያል። ለእርስዎ ግን ስካርፉ እጅዎ ላይ ስላለ ሌላ ቦታ መሄድ አያሻዎትም። መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። የተሸመነ ከሆነ ሁለቱም ፊት አንድ ነው፤ ጀርባው የገረጣ ከሆነ የታተመ ነውና ቆጠራው ላይ አይድከሙ። የተሸመነ ከሆነ መሐሉን ተዉትና ጫፉ ላይ ወዳለው ዘርፍ ይሂዱ። ዘርፉ ማግ ያልገባበት ባዶ ድር ነው፤ ድብልቅ ቀለም የለውም፣ ስድስቱን ክሮች ብቻ ነው የሚያገኙት። የተጠመዘዘ ከሆነ ሥሩ ላይ፣ ክሩ ከጨርቁ ከሚወጣበት ቦታ ይቁጠሩ። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፣ የነጩ ክር ተራ ሲደርስ ጥቁር ወረቀት ይተኩ። ከግራና ከቀኝ እኩል የሆነበትን መስመር ይፈልጉ፣ መመለሻው እሱ ነው። ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እየነኩ ሁለተኛው መመለሻ እስኪመጣ ይቁጠሩ፤ የቀለሙን ስምና ቁጥሩን ጎን ለጎን ይጻፉ። ሲጨርሱ ከሌላኛው ጫፍ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ሁለቱ ከተለያዩ ተሳስተው ነውና ቡና ጠጥተው ይመለሱበት፤ ከተስማሙ ያችን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ለሽሮ ሜዳ ይላኩ።